ጋሽ ወዬሳን ማን ይጠባቸው?

የሳሎኑ በር የተነቀለ ዕለት ኤቢሴ አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችምም። ገዝታ ይዛው የመጣችውን የዩኒፎርም ጨርቅ ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ግቢው መሃል ቆማ አየችው። በሩ መሬት ላይ ተጋድሟል። አባቷ ጋሽ ወዬሳ አጠገቡ ተንበርክከዋል። የማጠፊያዎቹን ብሎኖች በሻይ ማንኪያ እጀታ አንድ በአንድ ፈትተው ባርኔጣቸው ውስጥ አጠራቅመዋቸዋል። ካቻቪቴውን፣ መሮውን፣ መዶሻውን ሁሉ ደብቃባቸው ነበር። ማንኪያ ግን ማን ይደብቃል?

«ጠማማ ነው» አሏት ቀና ብለው። «ማን እንደገጠመው አላውቅም። ባለቤቱ መጥቶ እንዲህ ሆኖ ቢያየው ያዋርደናል።»

በሩን የገጠሙት እሳቸው ናቸው። ባለቤቱም እሳቸው ናቸው።

«እሺ አባባ» አለች ኤቢሴ። ጨርቁን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች። አንዴ ከተቀመጠች በኋላ ለመነሣት አቅም አጣች። የዚያን ሰሞን ድካሟ ተኝተው ሲነቁ የሚለቅ ዓይነት አልነበረም፤ እንደ ክረምት ብርድ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር።

ኤቢሴ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ብዙም ሳይርቅ ነው። ጋሽ ወዬሳ በልጅነታቸው ከጌዶ መጥተው መጀመሪያ እንጨት ሲሸከሙ፣ ቀጥሎ ሲልጉ፣ በኋላም ሲገጥሙ ኖረው አናጢ የወጣቸው ሰው ናቸው። በሰፈሩ እሳቸው የሠሩት በር፣ አልጋ ወይም ቁም ሣጥን የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። እናቷ ወይዘሮ ዋጋነሽ የታመሙ ጊዜ ኤቢሴ ገና ስሟ እየወጣ ያለ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ታጭታም ነበር። «እናቴ ትዳንልኝ» ብላ ሠርጉን አዘገየችው። እናቷ አልዳኑም፤ እጮኛዋም መጠበቁ ሰለቸውና ሌላ አገባ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትዳር ያነሣባት ሰው ሲኖር «የሰው ሙሽራ ሳለብስ የኔ ጊዜ አለፈ» እያለች ትስቃለች። ታናሽ ወንድሟ ጃለታ የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ፤ አግብቶ አስኮ ገባ። እሷ ከአባቷ ጋር ቀረች። ማንም ቁጭ ብሎ የወሰነው ነገር አይደለም፤ እንዲሁ ቀረች።

የጋሽ ወዬሳ መርሳት ሲጀምር ማንም መርሳት ብሎ አልጠራውም። አንዱን ሳንቃ ይለኩታል፣ ያስቀምጡታል፣ መልሰው ይለኩታል። የሰው ወንበር ሠርተው አንዱን እግር ያሳጥሩታል። «እርጅና ነው» ተባለ፤ «ዓይናቸው ደክሞ ነው» ተባለ። ከዚያ ነገሩ ጠብ ይዞ መጣ። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ አብሯቸው የሠራውን ኢብራርን አጠና ተራ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ትልቁን መላጊያዬን የሰረቅኸኝ አንተ ነህ!» ብለው ጮኹበት። ኢብራር የስልጤ ልጅ ነው። ሙያውን ከእሳቸው ተምሮ፣ ኦሮምኛውንም ከእሳቸው አፍ ለምዶ፣ በስተመጨረሻ የራሱን የእንጨት ሥራ ቤት የከፈተ ሰው ነው። «ጋሼ፣ እኔን?» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እግሩን ከቤታቸው አነሣ። መላጊያው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ኤቢሴም ያኔ አባቷን እንጂ በሽታውን አላየችም ነበርና ነገሩን እንደ ሁለት ባለሙያ ኩርፊያ ቆጥራ ተወችው።

ጋሽ ወዬሳ መንገድ መሳት ሲጀምሩ፣ አንዴ አስኮ፣ አንዴ ከቤቴል ማዶ ሲንከራተቱ ደግ ሰው እያገኛቸው ሲያመጣቸው፣ ዘነበወርቅ ካለው ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ደማቸው ተመረመረ፤ ጭንቅላታቸውም ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ ሳይቸኩል አስቀምጦ አስረዳት።

«የመርሳት በሽታ ነው፤ ዲሜንሺያ እንለዋለን። ይድናሉ ብዬ አልዋሽሽም። ከእንግዲህ ዋናው መድኃኒታቸው አያያዛቸው ነው። ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚያደርግላቸው ካሁኑ ተነጋገሩበት። ብቻሽን አትችይውም።»

«እችላለሁ» አለች ኤቢሴ።

የምትችል መስሏት ነበር። የስፌት ቤቷን ዘግታ መኪናዋን ሳሎን አስገባች፤ «እየሰፋሁ አያቸዋለሁ» ብላ። ጋሽ ወዬሳ ግን በጎን ዓይን የሚጠበቁ አልሆኑም። የጋለ ምድጃ ላይ ሳንቃ ያጋድማሉ። ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ይጠፋቸውና ቁም ሣጥኑን ከፍተው ይቆማሉ። አማርኛው ከአፋቸው እየሸሸ የልጅነታቸው ኦሮምኛ ብቻ ገኖ ቀረ። ልጃቸው መሆኗንም ረስተው «አዮ» ይሏት ጀመር፤ እናቴ ማለታቸው ነው። መጀመሪያ የጠሯት ቀን ልቧ ስብር አለ። እያደር «አቤት» ማለት ለመደች።

ከሁሉ የባሰው መታጠብ ነበር። የጋሽ ወዬሳ አእምሮ ብዙ ነገር ጥሏል፤ ነውርን ግን አልጣለም። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ልትፈታ እጇን ስትዘረጋ በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ይይዙታል። «ሴት ወንድ አታጥብም! ነውር አታውቂም?» ይላሉ፤ ድምፃቸው ቁጣ ሳይሆን ልመና ይመስላል። አንዴ ባልዲውን ሲገፉት ሙቅ ውኃው በሙሉ እሷ ላይ ተደፋ። ከዚያ በኋላ ማባበሉንም ተወችው። ሽታው ከልብሳቸው አልፎ ከሶፋው፣ ከሶፋው አልፎ ከምትሰፋው ጨርቅ ጋር ተዋሐደ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጸልዩላቸው መጥተው በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ሲሻሙ አይታ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አንድ ቀን ደግሞ የአንዲት ተማሪ እጀጌ ገልብጣ ሰፋች። ፈታችው። መልሳ ያንኑ ገልብጣ ሰፋችው። እግሯ መርገጫው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

በሩ የተነቀለ ዕለት ጃለታ ጋ ደወለች። መጣ። ከአንድ ጎረቤት ጋር ተጋግዘው በሩን መልሰው ገጠሙት፤ ጋሽ ወዬሳም «ውኃ ልኩን ሳታዩ!» እያሉ ቆመው አዘዙ። ሲጨርሱ እህትና ወንድም ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ጌዶ እንውሰዳቸው» አለ ጃለታ። «አገራቸው ነው፤ ዘመድ አለ፤ ቋንቋውም...»

«ማን የሚባል ዘመድ? ስሙን ንገረኝ።»

ጃለታ «በቃ ሰው እንቅጠር። ወጪውን እኔ እችላለሁ» አለ።

«አንተ መች ወጪ ነፍገህ ታውቃለህ? አንድ ቀን እዚህ ዋል ነው የምልህ። አንድ ቀን እዚህ እደር።»

«ኤቢሴ፣ ሥራዬ መንገድ ነው። እያወቅሽው።»

«የኔስ ሥራ?» አለች። ልትጮህ ፈልጋ ነበር፤ የወጣው ግን ሹክሹክታ ነው። ጃለታ ቀና ብሎ አያት። ፊቷ እንደተጨመቀ ጨርቅ ሆኖ ነበር፤ ምናልባት ከብዙ ወራት ወዲህ ልብ ብሎ ያያት ያን ጊዜ ነው። ስልኩን አውጥቶ ሰው ማጠያየቅ ጀመረ።

በጃለታ ጓደኛ በኩል የተገኘችው ቤቴል አንድ ክሊኒክ የምትሠራ፣ በትርፍ ጊዜዋም ቤት ለቤት ሕመምተኛ የምታይ ሉሲ የምትባል ነርስ ናት። ቀልጠፍ ያለች፣ ስኒከር የምታዘወትር ወጣት ናት። እንደ ገባች ወደ ኤቢሴ ሳይሆን ወደ ጋሽ ወዬሳ ሄደች፤ ከፊት ለፊታቸው ዝቅ ብላ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ሳትነካቸው፣ ሳትቸኩል፣ እንደ ምንም ባጠናቻት ኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው። ጋሽ ወዬሳ አዩዋት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ነው ወደ ኤቢሴ የዞረችው። ምን ያማቸዋል ብላ አልጠየቀችም። እንዴት እንደሚውሉ ነው የጠየቀችው፤ መቼ እንደሚረጋጉ፣ መቼ ሆድ እንደሚብሳቸው፣ ምን እንደሚያስፈራቸው፣ ሽንታቸው ሲመጣ ምን ዓይነት ምልክት እንደሚያሳዩ። ኤቢሴ ስትመልስ ራሷን ገረማት፤ ለካ ይህን ሁሉ ታውቅ ኖሯል።

«እርስዎስ መቼ ነው የሚተኙት?» አለች ሉሲ።

ኤቢሴ ሳቀች። «እኔ እኮ አልታመምኩም» አለች።

«ገና አልታመሙም። የምናወጣው የአያያዝ እቅድ የእሳቸው ብቻ ከሆነ ግን ብዙም አንሄድበትም። እርስዎ የወደቁ ዕለት እሳቸውም አብረው ይወድቃሉ።»

እየተነጋገሩ እቅድ አወጡ። የግቢው በር መቀርቀሪያ ከዓይናቸው ዝቅ ብሎ፣ ማየት በማይችሉበት ቦታ ይግባ ተባለ። የሽንት ቤቱ በራፍ ላይ ደማቅ ቀለም ይቀባ፤ ሽንት ሳይመጣቸው አስቀድሞ ይወሰዱ። «ይህ ቤት የእርስዎ ነው» እያሉ መሟገት ይቅር፤ ባለቤቱ ይመጣል ካሉ፣ ይመጣል። ቀን ቀን ደግሞ አስታማሚ ትግባ፤ ኤቢሴም በዚያ ሰዓት ወይ ትስፋ ወይ ትተኛ። አስታማሚዋ በላይነሽ ትባላለች፤ አማቷን አልጋ ላይ ለዓመታት ያስታመመች፣ ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ ሴት ናት።

ነገሩ ሁሉ ደኅና የታሰበ ነበር፤ አልሆነም እንጂ። በላይነሽ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ገባች። ጋሽ ወዬሳ ሲያዩዋት ዕቃቸውን ልትሰርቅ የመጣች መሰላቸው። መቀመጫቸውን ግድግዳ አስጠግተው ከእሷ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ዋሉ። ልታጥባቸው የሞከረች ዕለት በመለኪያ ዘንጋቸው ክንዷን መቷት፤ ክንዷ አበጠ። ሴትዮዋ አልተቆጣችም፤ «ሽማግሌው ፈርተው ነው» አለች። ሳምንቱን ሳትጨርስ ግን ቀረች። ኤቢሴ እንደገና የስፌት መኪናዋ ላይ ታንቀላፋ ጀመር።

ሉሲ ተመልሳ መጣች። ሻይ እንኳ ሳትቀበል «ያልሠራውን እናውጣ» አለች። «እቅድ ማለት አንዴ ተወስኖ የሚያልቅ ነገር አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከድሮ ጀምሮ ሰውነታቸውን እንዲነካቸው የሚፈቅዱለት ሰው አልነበረም? ፀጉር አስተካካይ፣ ወንድም፣ ጓደኛ?»

ኤቢሴ አሰበች። እናቷ የሉም። ጃለታን እንግዳ ሰው ያደርጉታል። የፀጉር አስተካካያቸው ሱቅ ፈርሷል። ከዚያ አንድ ፊት መጣባትና አቀረቀረች።

«አንድ ሰው ነበረ» አለች። «አባቴ ሌባ ብለው አባረሩት።»

ኢብራር ጋ ለመሄድ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ይሉኝታ ያዛት። ሁለት ቀን በሥራ ቤቱ ደጃፍ አልፋ፣ ዞር ሳትል ቀጥ ብላ ሄዳለች። ሦስተኛው ላይ ግን እግሯ ራሱ ደክሞት ይሁን ምን፣ ወደ ውስጥ አስገባት። ኢብራር የአልጋ ራስጌ በኮላ እያጣበቀ ነበር። ሽበቱ ከተለያዩበት ጊዜ ይልቅ በዝቷል። ሲያያት ፊቱ ተለወጠ።

«ኤቢሴ! ጋሼ... ደኅና ናቸው?»

ሞታቸውን ልትነግረው የመጣች መስሎት እንደሆነ ገባት። «አሉ» አለች ቶሎ ብላ። «አሉ፣ ኢብሬ። መኖሩንስ አሉ።»

ወንበር አቀረበላት፤ አልተቀመጠችም። «ያን ቀን ሌባ ያሉህ እሳቸው አይደሉም፤ በሽታው ነው። ገና ሲጀምራቸው ነበር። እኔም አላወቅሁም። ካወቅሁ በኋላም ቀድሜ መጥቼ ልነግርህ ይገባኝ ነበር።»

ኢብራር ጣቶቹ ላይ የደረቀውን ኮላ እየላጠ ቆየ። «አልዋሽሽም፣ ተቀይሜ ነበር» አለ። «ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት... ኋላ ነው በሽታ መሆኑን የሰማሁት። ያኔ ደግሞ በኔ ባሰ። እስካሁን እንዴት ሳልጠይቃቸው ከረምኩ፣ አሁን በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ እያልኩ። ኀፍረቱ ከቅያሜው በለጠብኝ።»

«ለዕርቅ ብቻ አይደለም የመጣሁት። ልለምንህ ነው።» ወለሉ ላይ የተበተነውን ሰጋቱራ እያየች «ገላቸውን ከታጠቡ ሰንብተዋል። እኔን ሴት ነሽ ብለው አይፈቅዱልኝም» አለች።

ኢብራር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ።

«ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ እመጣለሁ» አለ።

እንዳለውም መጣ። ከሥራው በቀጥታ ስለመጣ ትከሻውና ፀጉሩ ሰጋቱራ እንደለበሰ ነበር። ኤቢሴ በሩን ከፈተችለት። ደግመው ሌባ ቢሉትስ? ጋሽ ወዬሳ ከሶፋው ላይ ሆነው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ስሙን አልጠሩትም፤ ያስታወሱትም አይመስሉም። ኢብራርም እኔ እገሌ ነኝ አላለም። እየተራመደ አጠገባቸው ደርሶ በኦሮምኛ፣ ትናንት እንደተለያየ ሰው፣ «ጋሼ፣ የዛሬውን ጨርሰናል። ሰጋቱራ በልቶናል፤ እንራገፍና እንሂድ» አላቸው።

በድሮው ሥራ ቤት ጓሮ አንድ የውኃ በርሜል ነበር። አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት ሁለቱም እስከ ወገባቸው ተራቁተው፣ ተራ በተራ አንዱ ለአንዱ ውኃ እያፈሰሰ ሰጋቱራውን ይታጠቡ ነበር። ኤቢሴ ሕፃን ሳለች አይታቸዋለች። ኢብራር የራሱን ሸሚዝ አስቀድሞ አወለቀ። ጋሽ ወዬሳ እሱን አዩ፤ ቀጥለው የራሳቸውን ሸሚዝ አዩ። ከዚያ የላይኛውን ቁልፍ በራሳቸው ጣት ይፈቱ ጀመር።

ኤቢሴ ፎጣውን በበሩ ስንጥቅ አቀብላ ውጭ ቀረች። የውኃውን ድምፅ ሰማች። አባቷ «ጀርባዬን በደንብ እሸው እንጂ!» ብለው ሲቆጡ፣ ኢብራርም «እሺ ጋሼ» ሲል ሰማች። የምትሠራው ነገር አልነበራትም። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ሉሲ ነገሩን ስትሰማ በደስታ አጨበጨበች። ኢብራርን ራሱን ጠርታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስተረከችው። ከዚያ በተራዋ የውኃውን ሙቀት በክርኑ እንዴት እንደሚለካ፣ እግራቸው እንዳይንሸራተት ምን እንደሚነጠፍ፣ ቆዳቸውን ሲያጥብ የት የት ማየት እንዳለበት አሳየችው። ዳሌያቸው ላይ እሱ ልብ ያላለውን ቀይ ምልክት ያገኘችውም እሷ ናት፤ ቁስል ሳይሆን ደረሰችበት። ኢብራር በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ ማጠቡን ሥራዬ ብሎ ያዘው።

በላይነሽም ተለምና ተመለሰች። ሉሲ ጋውኑን አስወለቀቻት። ባዶ እጇንም አትገባም፤ ከኢብራር ሥራ ቤት የተቆራረጠ ሳንቃ ይዛ «ይህን ያለስልሱልኝ ብዬ ነው» ትላለች። ጋሽ ወዬሳ ደንበኛ መሰለቻቸው። ብርጭቆ ወረቀታቸውን ይዘው ሳንቃውን ሲፈገፍጉ ይውሉና «ነገ ነይ፣ ይደርስልሻል» ይሏታል። በማግሥቱም ያንኑ ሳንቃ ይዛ ትመጣለች። ሁሉ ቀን እንዲህ ሰላም አልነበረም። ሳንቃውን የሚወረውሩበት ቀን ነበረ፤ «አዮ፣ ቤቴ ውሰጂኝ» እያሉ የሚያለቅሱበት ቀን ነበረ። ቢሆንም ኤቢሴ አሁን እጀጌ በቀኙ ትሰፋለች።

ለጃለታ የደረሰው ተራ ከቅዳሜ እስከ እሑድ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጎማ ፈንድቶ መንገድ ላይ ቀረሁ ብሎ ደወለ። ኤቢሴ ስልኩን ዘጋችው፤ ለመናደድ እንኳ ጉልበት ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ። ጋሽ ወዬሳ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«የወዬሳ ልጅ ነኝ» አለ ጃለታ።

«ወዬሳን አውቀዋለሁ። ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው» አለ። ከዚያ ወጣና መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ኤቢሴ በመስኮት አየችው፤ አልጠራችውም። እሷም ይህችን መንገድ ብቻዋን ነው የሄደችባት። ብዙ ቆይቶ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ጃኬቱን ሰቀለና «ሽንት ቤት የሚወሰዱት በስንት በስንት ሰዓት ነው?» አለ።

ሐሙስ ከሰዓት የኤቢሴ ሆነ። «የትም ይሂዱ፤ ቤት ግን እንዳላገኝዎት» ብላታለች ሉሲ። በመጀመሪያው ሐሙስ የት እንደሚኬድ ጠፋት። ታክሲ ይዛ ቤቴል ወረደችና አንድ ካፌ ገብታ ሻይ አዘዘች። ደንበኞቿ ያልከፈሏትን አላሰበችም፤ አባቷንም አላሰበችም። ሻዩን ስኳር አድርጋ ማማሰሏ ትዝ ይላታል። ስትነቃ ሻዩ ቀዝቅዟል፤ አስተናጋጇ የሌላ ጠረጴዛ ዕቃ በቀስታ እያነሣች ነው። ደንግጣ በላይነሽ ጋ ደወለች።

«በልተዋል፤ ተኝተዋል» አለቻት በላይነሽ። «ምን አስቸኮለሽ?»

ኤቢሴ ሌላ ሻይ አዘዘች።

በክረምቱ ጋሽ ወዬሳን ጉልበታቸው ከዳቸው። መጀመሪያ ሳንቃውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ያዩታል፤ ኋላ ማየቱንም ተዉት። ምግብ ትን ይላቸው ጀመር። ሉሲ እቅዱን እንደገና አፈረሰችው። ለስለስ ያለ ገንፎ በትንሽ በትንሹ፣ ቀና አድርጎ፣ ከዋጡ በኋላ ብቻ ሌላ ጉርሻ፤ አልጋ ላይ ደግሞ ጎናቸው እንዳይቆስል በየሰዓቱ ማገላበጥ። ሐኪሙም አይቷቸው ወደ ሆስፒታል መመላለሱ ከማድከም በቀር እንደማይጠቅማቸው ለኤቢሴና ለጃለታ ነገራቸው። ኢብራር አሁንም ይመጣል። ውኃ ወዳለበት አይወስዳቸውም፤ አልጋው ላይ በራሰ ጨርቅ፣ ከፊታቸው ጀምሮ እየጠራረገ ያጥባቸዋል። የሚላቸውን ይስሙት አይስሙት አያውቅም። እጃቸውን ሲያነሣው ግን አይዙትም፤ ለቀቅ ያደርጉለታል።

ባለፈው እሑድ እኩለ ቀን ላይ ጃለታና ኤቢሴ አባታቸውን ሊያገላብጡ ግራና ቀኝ ቆሙ። አንሶላውን ጥግና ጥግ ይዘው፣ ሉሲ እንዳስተማረቻቸው በአንድ ትንፋሽ አነሡና በግራ ጎናቸው አስተኟቸው። ቀለዋል። ጃለታ ትራሱን ጉልበታቸው መሃል አስገባና ዳሌያቸውን ጎንበስ ብሎ አየ።

«ንጹሕ ነው» አለ።

ጋሽ ወዬሳ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ምን እንዳሉ ሁለቱም አልሰሙም። ኤቢሴ ግንባራቸውን ዳሰሰች። ወገቧን ይዛ ቀና ስትል ወንድሟ እያያት ነበር።

«ሂጂ ተኚ» አለ። «ገንፎውን እኔ አበላቸዋለሁ።»

ድሮ ቢሆን «ግድ የለም» ትል ነበር። አላለችም። ወደ ክፍሏ ሄዳ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። ከግድግዳው ወዲያ የጃለታ እግር ሲመላለስ፣ ማንኪያ ሳህን ሲነካ ይሰማታል። «ትንሽ ይክፈቱልኝ፣ አባባ፤ እንዲህ፣ ጎበዝ» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም። ማንም አልቀሰቀሳትም።